የሞቀ ቢራና ለስላሳ በ10 ደቂቃ፦ በረዶ፣ ውሃ፣ ጨው

ጥያቄ፦ «እሁድ እሁድ ቤታችን እንግዳ አይጠፋም። ቢራና ለስላሳ በሳጥን ገዝተን እናስቀምጣለን፤ ፍሪጃችን ግን ትንሽ ስለሆነች ሁሉንም አትችልም፤ መብራትም ይጠፋል። እንግዳው በር ላይ ሲደርስ ጠርሙሱ ሙቅ ነው። በቀደም ፍሪዘር የከተትኩትን ቢራ ረስቼው አድሮ ፈንድቶ አገኘሁት። በረዶ ላይ ጨው መጨመር ያፈጥናል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ፍሪዘር ማስገባት ነው የሚሉም አሉ። የትኛው ነው እውነት? ስንት በረዶ፣ ስንት ጨው፣ ስንት ደቂቃ?»

ምላሽ፦

የጨዉ ነገር እውነት ነው። የፎጣው ግን ከሚወራለት በጣም ያነሰ ነው። ከሁለቱም የሚቀድመው ውሃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እሱን ነው። ባልዲውን በረዶ ይሞላና ጠርሙሱን መሃሉ ላይ ይሰካዋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲያወጣው ጎኑ እዚህም እዚያም ቀዝቅዟል፣ መጠጡ ግን ለብ ያለ ነው። የበረዶ ቁራጭ ጠርሙሱን የሚነካው በጥቂት ጫፎቹ ብቻ ነው፤ የቀረው ክፍተት ሁሉ አየር ነው። አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከውሃ ከ20 እጥፍ በላይ ይሰንፋል። በበረዶው ላይ ውሃ ሲያፈሱበት ክፍተቱ ይሞላል፤ ጠርሙሱም ከአንገቱ እስከ መቀመጫው ዜሮ ዲግሪ በሆነ ውሃ ይከበባል።

ፍሪዘሩ ከበረዶ ውሃ ይልቅ እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። በደንብ የሚሠራ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይደርሳል፤ ግን በውስጡ ያለው አየር ነው። ባለ 330 ሚሊ ሊትር የብርጭቆ ጠርሙስ ከ24 ዲግሪ ወደ 6 ዲግሪ እንዲወርድ ፍሪዘር ውስጥ 1 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከታች ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ 4 ሰዓት አካባቢ። በበረዶ ውሃ፣ አልፎ አልፎ እየነካኩት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፤ ጨው ሲጨመርበትና ጠርሙሱን ሲያሽከረክሩት ከ6 እስከ 8 ደቂቃ። የጣሳ መጠጥ ከዚህም ይፈጥናል፤ አሉሚኒየም ስስ ከመሆኑም በላይ ሙቀትን ከብርጭቆ በብዙ እጅ ያሳልፋል፤ በጨዋማው በረዶ ውሃ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይበቃዋል።

አሁን ወደ መጠኑ። ለ6 ጠርሙስ 2 ኪሎ በረዶ፣ 2 ሊትር የቧንቧ ውሃ እና 250 ግራም ጨው ያዘጋጁ፤ በሻይ ብርጭቆ ሲለካ ጨዉ 2 ሙሉ ገደማ ነው። ዕቃው ጠርሙሶቹ ተጠጋግተው የሚቆሙበት ጠባብና ጥልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ቢሆን ጥሩ ነው። ሰፊ ሳፋ አይመከርም፤ ጠርሙሶቹን እስከ አንገታቸው ለመሸፈን ብዙ ውሃ ይጠይቃል፣ ብዙ ውሃ ማለት ደግሞ የባከነ በረዶ ማለት ነው። 20 ዲግሪ የሆነ እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ራሱ ዜሮ እስኪደርስ ድረስ 250 ግራም በረዶ ይበላል። አንድ ጠርሙስ ቢራ ከነብርጭቆው የሚበላው 90 ግራም ያህል ብቻ ነው። ማለትም በረዶዎን የሚጨርሰው ቢራው ሳይሆን ያለ ልክ ያፈሰሱት ውሃ ነው። ክፍተቱን ሞልቶ አንገቱ ጋ ሲደርስ ያቁሙ።

ጨዉን በረዶው ላይ መነስነስ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ላይ ላዩን ይጋገርና ታች ያለው ውሃ ሳይጨው ይቀራል። የሚሻለው ጨዉን አስቀድሞ በ2ቱ ሊትር ውሃ አማስሎ ማሟሟት ነው። ከዚያ ጠርሙሶቹን ባልዲው ውስጥ ያቁሙ፣ በረዶውን በመካከላቸው ያፍስሱ፣ የጨው ውሃውን ከላይ ይጨምሩ። የገበያ ደቃቅ ጨውም ሆነ ያልተፈጨው ሻካራ ጨው እኩል ይሠራል፤ አዮዲን ያለው መሆን አለመሆኑ ለዚህ ሥራ ለውጥ የለውም፤ ርካሹን ይጠቀሙ።

ጨው ምን ይሠራል? በራሱ ቅዝቃዜ የለውም። በረዶ በሌለበት ውሃ ላይ ጨው ቢያሟሙ ውሃው የሚቀንሰው 2 ዲግሪ ቢሆን ነው። ሥራው ሌላ ነው፤ በረዶው ከዜሮ በታችም ሆኖ እንዲሟሟ ያስገድደዋል። 1 ኪሎ በረዶ ሲሟሟ የሚስበው ሙቀት 1 ሊትር ውሃን ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ የሚበቃ ነው፤ ጨዉ ይህንን ሙቀት መሳብ ያፋጥነዋል፣ የባልዲውም ውሃ ሳይረጋ ከዜሮ በታች 4 እስከ 7 ዲግሪ ይወርዳል። «ጨው ስጨምር በረዶው ቶሎ አለቀብኝ» የሚል ቅሬታ ይሰማል፤ ማለቁ ነው እኮ የሚያቀዘቅዘው! ጨዉን በጣም ቢያበዙት ውሃው እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ለቤት ሥራ ግን ይህ ጥቅም የለውም፣ መጠጡን ከማርጋት በቀር።

ከዚህ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይኸው ነው። ጠርሙስ ዝም ብሎ ሲቆም ብርጭቆውን የነካው መጠጥ ቀዝቅዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሙቁ አንገቱ ጋ ይቀራል። መቀመጫው እጅ የሚያደነዝዝ ሆኖ የመጀመሪያው ጉንጭ ለብ የሚለው ለዚህ ነው። ከውጭም እንዲሁ፤ በጠርሙሱ ዙሪያ ያለው ውሃ በስስ ሽፋን ሞቆ እንደ ጋቢ ይጠቀለልበታል። ሁለቱንም የሚያፈርሰው እንቅስቃሴ ነው። አንገቱን በሁለት ጣት ይዘው፣ ከውሃው ሳያወጡ፣ እንደ እንዝርት ወደ ግራና ወደ ቀኝ 10 ሰከንድ ያህል ያሽከርክሩት፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ስድስቱን ሲያዳርሱ 1 ደቂቃ ነው፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ማሽከርከር እንጂ መናጥ አይደለም፤ ከተናጠ ጋዙ ይበተንና ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ ይፈሳል። ካወጡት በኋላ 1 ወይም 2 ደቂቃ አቁመው ይክፈቱ።

ቴርሞሜትር ከሌለዎት ጠርሙሱን እንዳወጡ በመዳፍ ነክተው አይፍረዱ፤ ብርጭቆው ሁልጊዜ ከመጠጡ ይቀድማል። ውሃውን ጠርገው፣ አንድ ጊዜ ቀስ ብለው አዙረውት ግማሽ ደቂቃ ያቁሙትና እንደገና ይንኩት። ቅዝቃዜው ከለቀቀ ውስጡ ገና ነው፤ ይመልሱት። ባለበት ከቆየ ደርሷል።

የጨው ውሃ ውስጥ ረስቶ መሄድ ግን ፍሪዘር ውስጥ እንደመርሳት ነው። አምቦ ውሃ ዜሮ ላይ፣ ስኳር ያለው ለስላሳ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ አካባቢ፣ ቢራ ደግሞ 2 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች መርጋት ይጀምራሉ፤ ባልዲው ከሁሉም በታች ነው። 10 ደቂቃ ሲሞላ ጠርሙሶቹ መውጣት አለባቸው። እንግዳው ብዙ ሰዓት የሚቆይ ከሆነ ጨዋማው ባልዲ ለማቀዝቀዝ ብቻ ይሁን፤ የቀዘቀዘውን ለማቆየት ጨው የሌለበት የበረዶ ውሃ በሌላ ዕቃ ይዘጋጅ። እዚያ ውስጥ ቢራ ማምሻውን ሙሉ ቢቀመጥ አይረጋም፤ ውሃው ከዜሮ አይወርድምና።

አንድ ሳጥን፣ ማለትም 24 ጠርሙስ፣ በአንዴ እናቀዝቅዝ ካሉ 6 ኪሎ በረዶ ያስፈልጋል። ይህን ያህል በአንዴ የሚያመርት የቤት ፍሪጅ ብዙም የለም፤ ስለዚህ በ6 በ6 ማዞር ይሻላል። ያው ባልዲ፣ ያው ውሃ ነው፤ ውሃው አንዴ ስለቀዘቀዘ ሁለተኛው ስድስት የሚጠይቀው ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ በረዶ ብቻ ነው። በ2 ኪሎ 12 ጠርሙስ ይወጣል። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ጨዉ በሟሟው በረዶ ቀጥኗል፤ በረዶ ሲጨምሩ አንድ የሻይ ብርጭቆ ጨው አብረው ይጨምሩ።

ጠርሙሶቹ ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ከቆዩ በቀጥታ ወደ ጨዋማው በረዶ አይክተቷቸው። ለ4 ወይም 5 ደቂቃ ተራ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያቁሟቸው። አዲስ አበባ ላይ የቧንቧ ውሃ ብዙውን ጊዜ 20 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ትልቁን ሙቀት በነፃ ይወስድልዎታል። ከበረዶ ቁጠባውም በላይ የደህንነት ጉዳይ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ሲጋጭና ሲመላለስ የኖረ ጠርሙስ ላዩ በጭረት የተሞላ ነው፣ ከትኩስ ወደ ብርድ ድንገት ሲገባ በጭረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ጋዝ ያለበት ጠርሙስ ሲሰነጠቅ ደግሞ ስባሪው ይፈናጠራል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ይህ ዘዴ በሐምሌና ነሐሴ አይሠራም፤ ውሃው ራሱ ከጣሪያ ታንከር ሞቆ ነው የሚወርደው። እዚያ የባልዲውን ውሃ ከፍሪጅ ይቅዱ።

በረዶውን ከየት? የፍሪጅ የበረዶ ማውጫ ትሪ አንዱ ሲሞላ 250 ግራም ቢወጣው ነው፤ ስምንት ትሪ ማን አለው? ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሰብስቡ፤ አምስት እጅ አድርገው አራቱን እጅ ውሃ ሞልተው ያስተኟቸው። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ ስለሚያብጥ አንድ እጅ ባዶ ይተዋል። አምስቱ ሃይላንድ 2 ኪሎ ይሰጡዎታል፤ ትንሽ ፍሪጅ ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ስለሚፈልጉ ለእሁድ ዓርብ ማታ ይግቡ። ሊጠቀሙ ሲሉ ፕላስቲኩን በቢላ ቀደው፣ በረዶውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው በዘነዘና ይምቱት፤ የአውራ ጣት ራስ የሚያህል ቁራጭ ይበቃል። ሳይሰበር ከነሃይላንዱ ቢገባስ? ይሠራል፣ ግን ይዘገያል፤ ፕላስቲክ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። እንዲህ ያለው የሚሻለው የቀዘቀዘ መጠጥ ለማቆየት ነው፤ ውሃውን አያቀጥንም፣ ተመልሶም ይረጋል። መብራት ሲጠፋም ፍሪዘሩ ውስጥ ያሉት ሃይላንዶች ሥጋዎን ያቆዩልዎታል፤ ስለዚህ ሁሉንም ለቢራ አይጨርሷቸው።

ለመጠጥ ያልተዘጋጀ የባልዲ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ አይግባ። ውሃን ማርጋት ጀርም አይገድልም፤ ያልፈላ ወይም ያልተጣራ ውሃ በረዶ ሲሆንም ያው ያልተጣራ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ሲወጣም ቆርኪውንና አንገቱን በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ አለዚያ ከመጀመሪያው ጉንጭ ጋር ጨው ይቀመሳል። የጨው ውሃውን የአትክልት ሥር አይድፉት፣ በብረት ወይም በአሉሚኒየም ዕቃም አያሳድሩት፤ ይበላዋል።

አሁን ፎጣው። እርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ሲገባ «በ15 ደቂቃ ቀጥ ይላል» ይባላል። አይልም። ፎጣው የያዘው ውሃ ራሱ መቀዝቀዝና መርጋት አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ጠርሙሱን ከብርዱ የሚከልል ልብስ ይሆናል። ማራገቢያ ባለው ፍሪዘር በደንብ የተጨመቀ ስስ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ሊቆጥብ ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም። ፍሪዘር የግድ ከሆነ የሚሻለው ጠርሙሱን በረዶ የያዘው ወለል ላይ አስተኝቶ፣ አየር በዙሪያው እንዲያልፍ ከሌሎቹ አራርቆ፣ ስልክ ላይ የ45 ደቂቃ ደወል መሙላት ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆይ። አንድ በር ብቻ ያላቸው ፍሪጆች ላይ ያለችው ትንሿ በረዶ ቤት ግን እስከ 18 አትወርድም፤ እዚያ ጊዜው ይረዝማል።

የሳጥኑን 24 ጠርሙስ እንዳለ ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ማጨቅም መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ ያለ ዕረፍት ሠርቶ የጠርሙሶቹን ሙቀት ብቻ ለማውጣት 2 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ አየር መተላለፊያ ሲዘጋ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ። እስከዚያው ወተቱና ወጡ ከሙቁ ጠርሙስ ጋር አብረው ይሞቃሉ።

መብራትም በረዶም ከሌለ እርጥብ ጨርቅ ተራው የሚደርሰው ያኔ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ሳይሆን ነፋስ ላይ። ጠርሙሱን ስስ የጥጥ ጨርቅ፣ ያረጀ ነጠላ ቢሆን ይመረጣል፣ ያልብሱት፤ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ጥላና ነፋስ ያለበት መስኮት ላይ ያቁሙት፤ ጨርቁ ከሳህኑ እየሳበ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ከጠርሙሱ ይወስዳል። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ነው፤ ሸክላው ያልበዋል፣ ላቡ ይተናል። ላዩ ቀለም የተቀባ እንስራ ግን አያልበውም፣ አያቀዘቅዝምም። ዘዴው የሚደርስበት ልክ በአየሩ ድርቀት ይወሰናል። በታኅሣሥና በጥር አዲስ አበባ ቀኑ 23 ዲግሪ ሆኖ አየሩ ደረቅ ሲሆን ጠርሙሱ ወደ 14 ሊወርድ ይችላል፤ 1 ወይም 2 ሰዓት ይጠይቃል። በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ለውጡ ጥቂት ነው። ጂዳና ዱባይን በመሰለ የባሕር ዳር ወበቅ ላይማ ጨርቅ ከማጠብ የተለየ ውጤት የለውም።

ትልቁ የ2 ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ከሁሉም ያስቸግራል፤ ወፍራም ነው፣ ፕላስቲኩም ሙቀት ይይዛል፤ በበረዶ ውሃ ውስጥም 40 ደቂቃ ቢወስድ አይገርምም። ጋዝ ያለውን ገልብጦ ማቀዝቀዝ አይቻልም፤ ስለዚህ እሱን ከማለዳው ፍሪጅ ያስገቡ፣ ለድንገተኛ እንግዳ ትናንሽ ጠርሙስ ይያዙ። ውሃ፣ ጭማቂ ወይም ብርዝ ከሆነ ግን ቀላል ነው፤ ስስ ብረት ድስት ውስጥ ገልብጠው ድስቱን በጨዋማው በረዶ ላይ ያስቀምጡና በማንኪያ ያማስሉት። 1 ሊትር በ5 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ጠርዙ ላይ ስስ በረዶ መያዝ ሲጀምር ያንሱት።

ብርጭቆ ውስጥ በረዶ መጨመር ፈጣን ነው፣ ዋጋው ግን ቅጥነት ነው። 200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ለስላሳ ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ 45 ግራም በረዶ ይሟሟበታል፤ መጠጥዎ ላይ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ውሃ ጨመሩ ማለት ነው። ለብርዝ የሚሻለው ብርዙን ራሱን በትሪ አርግቶ እንደ በረዶ መጠቀም ነው። ጠጅ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከዚያ በታች የማሩ ሽታ ይጠፋል፣ እርሾው ብቻ ይቀራል። በሃይላንድ የመጣ ጠጅ በባልዲው ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ይጠበቅ፣ ከወጣ በኋላ ግን ይላላ፤ ገና እየፈላ ስለሆነ ጋዝ ያወጣል።

ሙቅ ለስላሳ ሲከፈት የሚፈነዳውም በሙቀቱ ነው። ጋዙ በዜሮ ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በ20 ዲግሪ ከሚሟሟው እጥፍ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ቆርኪው ሲነሳ ጋዙ በበለጠ ችኮላ ይወጣል። ቸኩለው ለብ ያለውን ከከፈቱ በኋላ በረዶ ቢጨምሩበት የሄደው ጋዝ አይመለስም።

ወደ ፈነዳው ቢራዎ እንመለስ። በጠርሙሱ አንገት ያለው ባዶ ቦታ ከ20 ሚሊ ሊትር ብዙም አያልፍም፤ 330 ሚሊ ሊትር ሙሉ በሙሉ ሲረጋ የሚያብጠው ግን 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ብርጭቆው አይለጠጥም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ከዚህ በኋላ የረሱትን ጠርሙስ ሳይፈነዳ ካገኙት በሙቅ ውሃ አይንኩት። በፎጣ ጠቅልለው ከታች ፍሪጁ ውስጥ ያቁሙትና ቀስ ብሎ ይፍታ። ያልረጋ መስሎ ሲነኩት ወይም ሲከፍቱት ዓይንዎ እያየ ከላይ ወደ ታች በረዶ የሚሠራም አለ፤ ከመርጊያው ዲግሪ በታች ወርዶ ሳይረጋ የቆየ ነው፤ ሳይከፍቱት በፊት 5 ደቂቃ ተራ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። ቆርኪው ተነፍቶ ወይም በአንገቱ ስስ ስንጥቅ ታይቶ ከሆነ ግን አይጠጣም። በወፍራም ጨርቅ ይዘው ከነጠርሙሱ ይጣሉት፤ አጥልሎ ማትረፍ አይሞከር፣ ደቃቅ ስባሪ በወንፊት ያልፋል።